የሚያስደስት ወሬ ብቻ

መስከረም 18

ቁንጥንጧ እህቴ፣

መጀመሪያ ቁጭ በይ። ቆመሽ ያነበብሽውን ደብዳቤ ግማሹን ሳታይው ነው የምታጥፊው፤ አውቅሻለሁ።

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ባለሰዓቱ ባልሽስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ የሰው ሰዓት ይፈታል? እኔ ከጆሮዬና ከልቤ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬንማ ተይው፤ እሱ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በየተራ ልመልስልሽ። አዎ፣ ክፍሌ መስኮት አለው፤ የመኪና ማቆሚያውን ያሳየኛል። አዎ፣ አልጋው ይመቻል። ምግቡ ጨው የለውም፣ ሰዉ ግን ጨዋታ አለው። አይ፣ ልጄ አልጣለኝም፤ ሁለተኛ እንደዚያ ብለሽ እንዳትጽፊ። ድስት ጥጄ ረስቼ ቤቱን በጭስ ሞልቼው፣ ጎረቤት በር እስኪሰበር ሲደበድብ እኔ አልጋዬ ላይ ልብስ ሳጣጥፍ ነው ያገኙኝ። ምኑን ሰምቼ ልክፈት? ከዚያ በኋላ "የአረጋውያን መኖሪያ ውሰደኝ" ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። እሱ ሊል ሲያመነታ አየሁትና ቀደምኩት።

እዚህ ስልክ መደወልሽን ተይ። ዕድሜዬን በሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰውን ድምፅ ለሰው ሳቀብል የኖርኩት ሴትዮ፣ ዛሬ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲያደርጉልኝ የሚሰማኝ የንብ ጩኸት ብቻ ነው። እዚህ ይህን ስነግራቸው በሳቅ ሞቱና "ስልከኛዋ" አሉኝ፤ ስሜ ይኸው ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ጻፊልኝ።

ቤቱ እንዲህ ነው። ከታች ቢሮውና መመገቢያ አዳራሹ፣ መሃል ላይ እኛ፣ ከላይ ደግሞ ሌሎች። የላይኛው ፎቅ በር በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ቁጥሩን ነርሶቹ ብቻ ያውቁታል። ማን ነው ያለው ብዬ ስጠይቅ "መርሳት የበረታባቸው ናቸው" አሉኝ። እዚህ ሰው "እገሌ ሞተ" ለማለት ድምፁን አይቀንስም፤ "እገሌ ላይ ወጣ" ሲል ነው የሚያንሾካሹከው። እኔ ደግሞ ሹክሹክታ አልሰማም፤ "ምን? ምን?" እያልኩ አስጮኻቸዋለሁ።

አንዲት የነዋሪዎች ደጋፊ አለች። ሥራዋ በየክፍሉ እየዞረች ምን ጎደለዎት፣ ምን ከፋዎት እያለች መጠየቅ ነው። እንደማልሰማ ስታውቅ ጥያቄዋን በወረቀት መጻፍ ጀመረች። ከሷ በፊት ይህን ያሰበ አልነበረም።

ከክፍሌ ፊት ለፊት ደግሞ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። የሙሽራ ልብስ ስትሰፋ አርጅታ ራሷ ግን አላገባችም። "እኔ መለካት እንጂ መልበስ አልተጻፈልኝም" ትላለች። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። በገባሁ ቀን መጥታ የቀሚሴን ጠርዝ አየችና፣ ሳታስፈቅደኝ እግሬ ሥር ተንበርክካ ሰፋችው። ከዚያ ወዲህ አንለያይም። ስታናግረኝ ቃሉን በከንፈሯ ቆረጥ ቆረጥ አድርጋ ነው፤ ከሰው ሁሉ እሷን ብቻ እሰማለሁ።

ታላቅሽ


ጥቅምት 5

እታለም፣

ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ደስ አለሽ?

እመጣለሁ እመጣለሁ እያልኩ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ አውቶቡሱ ሁለት ቀን ሙሉ ያንገላታል፤ የኔ ጉልበት ደግሞ ከአልጋ ምድጃ ለመድረስ ሦስቴ ይማከራል። ቅዝቃዜው ይለፍ እንጂ አንድ ቀን በር ላይ ታገኚኛለሽ።

ስለ ልጅሽ የተናገርኩትን ትቼዋለሁ። ብቻሽን መሆንሽ አብግኖኝ ነው።

ባለሰዓቱ ደህና ነው። ሱቁን አሁን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚከፍተው፤ "ዓይኔ ሰነፈ" ይላል። አሁን ከጎኔ ሆኖ "እኔንም ጻፊኝ" እያለ ይነዘንዘኛል። እንዳለው ልጻፈው፣ ኃላፊነቱን ግን አልወስድም፦ "ለዚያች ደንቆሮ ስልከኛ ንገሪያት። ድሮም ጆሮዋ ደህና ሳለ መስመር ስታሳስት ነው የኖረችው፤ አሁን ምክንያት አገኘች።"

ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ። ሰው ማግኘትሽ ትንሽ አሳረፈኝ።

ቁንጥንጥሽ


ጥቅምት 26

እህቴ ሆይ፣

ለባልሽ ስድቡ በደህና ደርሷል በይው። መስመር የማሳስተው የሚያወራው ሰው ሲሰለቸኝ ነበር። አንቺንና እሱንም ያገናኘሁት በስህተት ነው፤ ያኔ ሌላ ሴት ነበር ያስጠራው፤ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ሹመት አግኝቻለሁ! በየወሩ በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ "የቤታችን ወሬ" የምትባል ወረቀት አለች። ደጋፊዋ ናት የምታዘጋጃት፤ ሰሞኑን "ጽሑፍዎ ደስ ይላል፣ እርስዎ ይጻፉልን" ብላ ለመነችኝ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወሰደችኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሁልጊዜ እንደቸኮለ ነው። ደንቡ አንድ ነው አለኝ፦ የሚያስደስት ወሬ ብቻ።

"ሰው ሲሞትስ?" አልኩት።

"ቤተሰቡ ያውቃል።"

"ላይ ሲወጣስ?"

"ቤተሰቡ ያውቃል።"

"እኛስ?" ስለው ሰዓቱን አየ። ደጋፊዋ ይህን ሁሉ እየጻፈች ስታሳየኝ አንድም ጊዜ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም።

እናም ደስ የሚያሰኘውን ጻፍኩ። የልደት ቀን፣ አዲስ ወንበር፣ የጓሮዋ ድመት መውለድ። ስንት ግልገል ወለደች በሚለው ሁለት ሽማግሌዎች ተኳርፈው እስካሁን አንድ ጠረጴዛ አይቀመጡም። ወሬ ማለት ይኸው ነው እንግዲህ።

አሁን ግድግዳ ላይ የማይለጠፈውን ልንገርሽ። ልብስ ሰፊዋ እየረሳች ነው። መጀመሪያ መነጽሯን፣ ከዚያ የምሳ ሰዓት። በቀደም ክፍሌ ስገባ አልጋዬ ላይ ተጋድማ "ምን ፈልገሽ ነው ክፍሌ የመጣሽው?" አለችኝ። ቀለድኩ። "በርሽ ከኔ በር ስለተመሳሰለብኝ ነው" አልኳት። ወዲያው አንድ ብጣቂ ቀይ ጨርቅ ከራሷ መስፊያ ቅርጫት አውጥቼ በሯ እጀታ ላይ አሰርኩላት። አሁን ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ "ቀይ ያለው የኔ" እያለች ነው።

መርፌ ግን እስከ ዛሬ በአንድ ጊዜ ነው ክር የምታሾልከው። ጣቷ አልረሳም። ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም አልሰማሽም። ካወቁ ላይ ነው የሚወስዷት።

ታላቅሽ


ኅዳር 14

እታለም፣

ደብዳቤሽም፣ ተከትላ የመጣችው ቁራጭ ወረቀትም ደርሰውኛል። ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ቤት ውስጥ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

በቁራጯ የጠየቅሽኝ የዓይኑ ነገር ያን ያህል አይደለም። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ያው ዕድሜ ነው። ሱቁን ለጊዜው ዘግቶታል። ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን ስለምታግዘኝ ምንም አልጎደለብኝም፤ እንዳትጨነቂ።

ልብስ ሰፊዋን አይዞሽ በያት። አንቺም ብዙ አትድከሚ፤ ልብሽን አስቢ።

ባለሰዓቱ ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ


ኅዳር 30

እህቴ፣

መጀመሪያ የኔን ልንገርሽና ከዚያ የአንቺን እጠይቅሻለሁ።

ሐኪሙ በየጊዜው እየመጣ የማስታወስ ፈተና ይሰጣል። ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ወሩ ማን ይባላል፣ አሁን ያሉት የት ነው፣ ይላል። የልብስ ሰፊዋ ተራ መድረሱን ደጋፊዋ ስትነግረኝ ትምህርት ቤት ከፈትኩ። ከቁርስ በኋላ አትክልቱ ሥር እንቀመጥና "ማክሰኞ፣ ኅዳር፣ የአረጋውያን መኖሪያ" እያልን እንደ ሕፃን እንቆጥራለን። እሷ ትስቃለች። "ስለካ የኖርኩት የሰው ወገብ እንጂ ቀን አይደለም" ትለኛለች። እኔ አልሳቅሁም። ቁጣ ቁጣ ይለኝ ነበር፤ አንድ ጊዜማ እጇን ጨብጬ አሳመምኳት መሰለኝ።

ቀኑ ደረሰ። ደጋፊዋ እዚያው ነበረች፤ የሆነውን ኋላ ጽፋ ነው ያሳየችኝ።

"ዛሬ ምን ቀን ነው፣ እናቴ?"

"ማክሰኞ።"

"ጎበዝ! ወሩስ?"

"ኅዳር። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርዎት? ስልከኛዋ ናት ያስጠናችኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች፤ እርስዎ ግን ደህና ሰው ይመስላሉ።"

እየሳቀች ወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት እጆቿን ዘርግታ አቀፈችኝና "አለፍኩ!" አለችኝ። ከኋላዋ የደጋፊዋን ፊት አየሁ። "ጎበዝ" አልኳት።

አሁን ወደ አንቺ። ባልሽ ካገባሽ ጀምሮ አንድም ቀን "ሰላም" ብሎኝ አያውቅም። ወይ ይሰድበኛል ወይ ዝም ይለኛል። "ሰላም ብሎሻል" ያልሽው አንቺ ነሽ፤ የሱ አፍ አይደለም። የእጁን ነገር "ያው ዕድሜ ነው" ብለሽ ነው ያለፍሽው፤ አንቺ ነገር ስትደብቂ "ያው" ማለት ታበዣለሽ፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነው።

ምን ሆነ? እንዳትደብቂኝ። እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያስደስት ወሬ ስጽፍ ነው የምውለው፤ አንቺ ደግሞ እንደነሱ አትሁኚብኝ።

ታላቅሽ


ታኅሣሥ 13

እታለም፣

እሺ፣ ይኸውልሽ።

ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ደንበኛ ነው ያገኘው። ግራ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ አፉም ተያይዟል። የሚወጣው ድምፅ አለ፣ ግን ቃል አይደለም። እኔ አንዳንዱን አውቀዋለሁ፣ አንዳንዱን እንዳወቅሁ እመስልለታለሁ። ስሳሳት ይናደዳል፤ ሲናደድ እንባው ይመጣል።

ሐኪሙ "ትዕግሥት ነው የሚፈልገው" ብሏል። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ የሚመልስልኝን ፈራሁት።

ከባድ ነው እታለም፤ ክብደቱን ማለቴ ነው። ሳገላብጠው አልችለውም። ዳቦ ጋጋሪዋ ጠዋት ጠዋት ሊጧን አቡክታ እጇን ታጥባ ትመጣለች፣ አንድ ሁለት እንልና እናዞረዋለን። ክንዱ ላይ ዱቄት ይቀራል። አንድ ቀን ያንን ዱቄት አይቶ በደህናው ጎኑ ሳቀ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አነበብኩለት። እሱንና እኔን በስህተት ያገናኘሽው ጋ ስደርስ ደህና እጁን አነሳና ወደ ሩቅ፣ ወደ አንቺ አቅጣጫ ጣቱን ቀሰረ። ስድብ ነው እሱ። እኔ ነኝ የማውቀው።

አትምጪ። ምንም አታደርጊልኝም፤ እኔም ምንም አላደርግለት። ጻፊ ብቻ።

ቁንጥንጥሽ


ጥር 2

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ይዤ ልጄ እስኪመጣ ጠበቅሁ። በሩን ሳይዘጋ ነው "ወደ አክስትህ ውሰደኝ" ያልኩት።

"እማዬ፣ ሐኪሙ ልብሽ እንኳን መንገድ፣ ደረጃም አይችልም ብሏል።"

"ቀስ ብለህ ንዳ።"

"መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ?"

"እሆናለሁ እንጂ! አንድ ነገር የማልሆንበት ቦታ አለ?"

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ነው የተጨቃጨቅነው፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ እጮኻለሁ። መጨረሻ "ቅዝቃዜው ሲያልፍ" ብሎ ጻፈ። አንቺም እሱም ቅዝቃዜውን ይዛችሁብኛል።

ልብስ ሰፊዋን ወሰዷት። ልብሷንና መስፊያ ቅርጫቷን ይዘው፣ በሁለት ነርሶች መሃል አድርገው፣ በጥሩ ቃል ነው የወሰዷት። የወቀሳ ቃል አጣሁ። መርፌዎቹን ግን ከቅርጫቱ አውጥተው ለኔ ሰጡኝ፤ ላይ ስለት አይፈቀድም። ጣቷ ያልረሳው እሱን ብቻ ነበር።

"የቤታችን ወሬ" ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛውራለች። ከምሳ በኋላ መጠየቅ ይቻላል። እባካችሁ ጠይቋት።" ሥራ አስኪያጁ ወሬዋን ከወረቀቱ አወጣት። "ሰው ይረበሻል" አለ። በቦታዋ አዲስ የተቀባውን አጥር ፎቶግራፍ ለጠፉ። ደጋፊዋ ክፍሌ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ተከራክሬ ነበር" ብላ ጻፈችልኝ። አምናታለሁ። እሷም ተቀጣሪ ናት። ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

ከምሳ በኋላ ወጣሁ፤ ደረጃውን በየእርከኑ እየቆምኩ። ነርስ ቁጥሩን ነክታ ከፈተችልኝ። ልብስ ሰፊዋ መስኮት ጋ ነበረች። ስታየኝ ፊቷ በራ፣ ተነሳች፣ በስንዝሯ ወገቤን ለካችና "ሰርግሽ መቼ ነው?" አለችኝ። ደንበኛ መሰልኳት። ከንፈሯ ግን ያው ነው፣ ቃሉን ቆረጥ ቆረጥ ያደርግልኛል። እኔን ረስታ ለኔ እንዴት እንደሚወራ አለመርሳቷን ምን ትይዋለሽ?

"ገና አልቆረጥንም" አልኳት። "ፍጠኚ፣ ሥራ ይበዛብኛል" አለችኝ።

ባለሰዓቱን አንብቢለት፦ ጣትህን ወዴት ቀሰርክ? እኔ ያለሁት በሌላኛው በኩል ነው፤ አሁንም አቅጣጫ አታውቅም።

ታላቅሽ


ጥር 28

እህቴ፣

ምነው ዝም አልሽ?

ደጋፊዋ በየቀኑ ከታች ደብዳቤ ስታመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ገና ከሩቅ ራሷን ትነቀንቃለች። ሰሞኑን ደግሞ ራሷንም አትነቀንቅ፤ በሌላኛው ደረጃ ነው የምትወጣው መሰለኝ፤ አላያትም።

ባለሰዓቱ የኋለኛውን ስድቤን ሰማ? ምነው መልሱ ቀረብኝ? ቃል ባይወጣለት እንኳ ጣቱን የቀሰረበትን ጻፊልኝ፤ እኔ እተረጉመዋለሁ።

ልጄ በቀደም መጥቶ ነበር። ከስቷል። "ምን ሆነሃል?" ስለው "ሥራ" አለኝ። ተንበርክኮ ጫማዬን አሠረልኝ፤ ጫማዬ ግን ገመድ የለውም፤ ዝም ብሎ እግሬን ሲይዝ ነበር። ጨነቀኝ። ጻፊልኝ፤ አንድ መስመርም ትበቃኛለች።

ታላቅሽ


የካቲት 8

እታለም፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ባለሰዓቱ አርፏል። ጥር ውስጥ ነው። ጠዋት ፊቱን እያጠብኩት ነበር፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ትራሱን ደግፋልኛለች። ፎጣውን ልጨምቅ ዞር አልኩ። "ተይው በቃ" አለችኝ። "ምኑን?" አልኳት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ አትጠይቂኝ።

የኋለኛውን ስድብሽን ሰምቷል። ያን አንብቤለታለሁ፤ ይህን እወቂልኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ልጅሽ እዚህ ነበር። ብደውልለት ነድቶ ደረሰ፤ ቆሞ ያስቀበረልኝ እሱ ነው። እንደ ልጅ ነው የሆነልኝ፤ ስለ እሱ ያልኩትን ሁሉ በልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሲሄድ ግን "አክስቴ፣ ለእማዬ እንዳትጽፊ፤ ልቧ ድንጋጤ አይችልም። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ" አለኝ። እሺ አልኩት። ሰው እንደዚያ ቆሞ ከቀበረልሽ በኋላ እምቢ አይባልም።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። "ምነው መልሱ ቀረብኝ" ትያለሽ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ በዚህ አለፍኩ በዚያ አለፍኩ፣ ያየኛል። አልቻልኩም። አንቺን ከዋሸሁ ከማን ጋር ልኖር ነው?

ሰዎች ሰዓታቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። በሩን ከፍቼ "የእናንተን ፈልጉ" እላቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ የሱ ያልሆነውን ሲወስድ አየሁት፤ በሩን ያዝኩለት።

ቤቱ ሰፋብኝ። ለሁለት እሠራና ግማሹን ለዳቦ ጋጋሪዋ እሰጣለሁ።

እባክሽ አትደንግጪ። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው። እንዳትነሺ፣ እንዳትመጪ። አንቺን ደግሞ መንገድ ላይ ካጣሁሽ ማን ይቀረኛል?

እህትሽ


የካቲት 17

እህቴ፣ የኔ ብቸኛ፣

ደርሶኛል። ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ልቤ አልቆመም፤ ሐኪሙ ተሳስቷል።

አልተቆጣሁሽም። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። እዚህ ሁሉም ያውቅ ኖሯል። ልጄ ነግሯቸዋል። ነርሶቹ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ በር ጠባቂው ሳይቀር። አጠገቤ በልተዋል፣ በቀልዴ ስቀዋል፣ አንድ ጊዜማ ስለ ባልሽ የቀለድኩትን ደጋፊዋ ሰምታ ፊቷን አዙራ ወጣች፤ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። አሁን መጥታ "ይቅርታ፣ አዘውኝ ነው" ብላ ጻፈች። ስንቱን መርዶ በእጄ አሳልፌ ለባለቤቱ ያደረስኩ ሴት፣ የራሴን ሲዘጉብኝ አላወቅሁም።

ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ሁለት ቀሚስ፣ መድኃኒቴን፣ የእናታችንን ነጠላ። ወርጄ ቢሮ ገባሁና "ልሄድ ነው" አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን አላየም። ልጄን ጠሩት። መጣ።

"ለምን ደበቅኸኝ?" አልኩት።

አልጻፈም። አፉን ብቻ አየሁት፤ "እንዳትሞቺብኝ" ያለ መሰለኝ። ከዚያ ወረቀት ወሰደና "ነገ ልውሰድሽ? መንገድ ላይ ብትሞቺ እዚያው ልቅበርሽ? በይ ንገሪኝና ልውሰድሽ" ብሎ ጻፈ። ስንት ጎልማሳ ሆኖ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። አጎቱን በቀበረ በወሩ እናቱን ቅበር ልበለው? ሻንጣውን ራሴ ይዤ ተመለስኩ። ቀሚሶቹን መልሼ ሰቀልኩ። ነጠላውን ብቻ አልመለስኩትም።

ኮሪደር ላይ ሰዎች ክንዴን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ። ክፉ አይደሉም። እያንዳንዱ የራሱን እየጠበቀ ነው፤ አጠገቤ ብዙ ከቆመ የሚጋባበት ይመስለዋል። "የቤታችን ወሬ" ላይ የምጽፈውን ደጋፊዋ ጠይቃኝ ነበር። የለኝም አልኳት።

ከምሳ በኋላ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ለብሼ ላይ ወጣሁ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ተቀምጣ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ታጥፋለች፣ ትፈታለች። ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ጊዜ አልለካችኝም። ነጠላውን አየችው፣ ፊቴን አየችው፣ ከዚያ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ማን ሞተብሽ?" አለችኝ። ጥርት አድርጋ ነው ያለችው፤ ሙሉውን ሰማሁት።

"የእህቴ ባል።"

"ምን ነበር ሥራው?"

"ሰዓት ሠሪ።"

"ወይኔ" ብላ ደረቷን ያዘች፤ አለቀሰች። ለይስሙላ እንዳይመስልሽ። የማታውቀውን ሰው፣ እኔንም ሳታውቀኝ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አለቀሰችለት። እኔም ያን ጊዜ ወጣልኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ አላለቀስኩም ነበር፤ አብሮኝ የሚያለቅስ ስላጣሁ ይመስለኛል። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሰው ወግ፣ "ዕድሜው ስንት ነው? ታሞ ነው ወይስ በድንገት?" እያለች ሁሉንም ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ዱቄቱን ሳይቀር።

"ልጆች አሉት?" አለችኝ።

"የሉትም።"

"ሚስቱስ? እሷ ማን አላት?"

"እኔ አለሁ።"

እጄን ለቀቀችኝ። ትክ ብላ አየችኝ። "አንቺ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለች። "እህትሽ ብቻዋን ናት አይደል? ተነሺ እንጂ!"

ልጄን ልጥራላት? ሐኪሙን? ብነግራትም አይገባትም፤ ቢገባትም እውነት የምትለው እሷ ናት። ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ፣ በዚያ ረጅም ኮሪደር እየጎተተች፣ "ፍጠኚ፣ ፍጠኚ" እያለች በሩ ጋ አደረሰችኝ። እጀታውን ጨበጠችና ሳበችው። አልከፈት አለ። እንደገና ሳበችው። እኔም ያዝኩ። እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ ቁጥር እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን አብሬያት ሳብኩ። ሁለት አሮጊቶች አንድ እጀታ ይዘን ቆምን፤ እሷ ለኔ ብላ፣ እኔ ለአንቺ ብዬ።

ነርስ መጣች። አዲስ ናት፤ አታውቀንም። እኔን አየች፣ እሷን አየች። "ከሁለታችሁ ወጪዋ ማናት?" ያለች መሰለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ፊት ገፋችኝ። "እሷ ናት" አለች። "እኔ እቆያለሁ። እሷን አውጧት፤ የምትሄድበት አላት።"

ነርሷ ቁጥሩን ነካች፣ በሩ ተከፈተ፣ ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ ክፍሌ ገባሁ፤ ወረቀት አወጣሁና ተቀመጥኩ። መምጣት የቻልኩት እስከዚህ ነው።

እታለምሽ